ከእሱ ጋር ለመሆን ብቻ

ዬሴኒያን መጀመሪያ ያናደዳት ግብሩ ነበር።

የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ከደመወዟ ላይ ለሰሜን ካሮላይና ግዛት ሲቆርጥ ከርሟል። እሷና ወታደሩ ባሏ ሩቤን ግን የቴክሳስ ሰዎች ናቸው፤ ቴክሳስ ደግሞ ከደመወዝ ላይ ግብር አትወስድም።

«እዚህ ያመጣኝ ያንተ ሠራዊት አይደል?» እያለች መኪናው ውስጥ ስትነጫነጭ መጣች። ሩቤን ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ይነዳል።

በጦር ሰፈሩ የግብር ቢሮ የተቀበሏቸው ወይዘሮ ፖሌት፣ እሳቸውም በወጣትነታቸው ወታደር ባላቸውን ተከትለው አገር ላገር የዞሩ ሴት ናቸው።

«አይዞሽ ልጄ፣ ይመለስልሻል። ወታደር ባሏን ብቻ ተከትላ የመጣች ሚስት ግብር የምትከፍለው ለአገሯ ግዛት ነው፤ ሕጉ የወጣው እንዳንቺ ላለችው ነው» አሉ። «እዚህ ግዛት የምትኖሪው ከባልሽ ጋር ለመሆን ብቻ ነው?»

ዬሴኒያ ሳቀች። ያኔ ቴክሳስ፣ ላሬዶ ከተማ ጎማ ለማስጠገን ተሰልፋ ሳለ ከፊቷ የነበረ ወታደር፣ ይኸው ሩቤን፣ ተራውን ለቀቀላት፤ ቀና ብሎ ሊያያት አፍሮ እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ለሱ ብላ ካንሳስ ላይ ማስተማሯን ተወች። ጆርጂያ ሲመድቡት ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች። መስማት የተሳናቸው ልጆች ፊት እንደገና የቆመችው እዚህ ነው።

«ታዲያ ለአየሩ ብዬ ነው?» አለች።

«ጥሩ። ሳጅን፣ ዘንድሮስ እዚሁ ነህ?»

ሩቤን ዐይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ።

«በሰኔ ኮሪያ እሄዳለሁ። ለአንድ ዓመት፣ ብቻዬን።»

ወይዘሮ ፖሌት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያለፈውን ዓመት ግብር አይነካውም። የዘንድሮውን ግን እሱ ሲሄድ ተመልሰሽ ጠይቂኝ።»

ዬሴኒያ አልሰማቻቸውም። በሩን በርግዳ ወጣች። ሩቤን መኪናው ጋ ደረሰባት።

«መቼ ነው የነገሩህ?»

«አልነገሩኝም። ጠይቄ ነው።»

«ጠይቀህ?»

«ካልሄድኩ በመስከረም ሁለታችንንም አላስካ ይልኩናል። ይሄን ዓመት ከቻልኩት ግን እዚሁ ይመልሱኛል። ክፍልሽ መጥቼ አይቼሻለሁ፣ ዬሲ። ከልጆቹ ጋር በእጅሽ እያወራሽ ስትስቂ። እንደገና ላስለቅቅሽ?»

«ማን ጠየቀህ!» ጮኸች። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። «ሥራዬን የለቀቅኩት እኔ ነኝ! ልከተልህ ያልኩትም እኔ! ጀግና መሆን አማረህ፤ ሚስትህን የምትጠይቅበት አፍ ግን የለህም!»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነው።»

«እምቢ እል ነበራ!»

ዐይኑ እንባ አቀረረ። ይህን ስታይ ይባስ ነደደች።

«እንዳታለቅስ! ዛሬ የማለቅሰው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አልመሰለም። ሰሃን ስታጥብ ታንኳኳለች፤ በር ስትዘጋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እሱ ጠዋት ጠዋት የመኪናዋን መስታወት ጠርጎላት ይወጣል። እሷ በመስኮት ታየዋለች፤ ግን አመሰግናለሁ አትልም። ትእዛዙ እንዲሰረዝለት ለአለቆቹ አመለከተ፤ እምቢ አሉት። ይህንንም ሲነግራት ወደ ሰሃኖቿ ዞረች።

በሰኔ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘችው። ሻንጣውን አውርዶ ፊቷ ቆመ።

«አልማርኩህም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለገና እረፍት ኮሪያ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«ሳልጠይቅህ!»

ሩቤን ሊስቅ አፉን ሲከፍት ኮሌታውን ጨምድዳ ይዛ ሳመችው፤ ስሙ በድምፅ ማጉያው እስኪጠራም አልለቀቀችውም።