ከወዲያ በኩል ያነበበችው ይርጋለም

ልጆች፣ ይርጋለም ትባላለች። ዕድሜዋ ሰባት ነው። ቤቷ ወረታ ውስጥ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ ከሚለይበት ወረድ ብሎ፣ ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ነው። ሩዙ ሲፈለፈል ገለባው እየበነነ ጠጉሯ ላይ ያርፋል። እናቷ ወይዘሮ ገላነሽ እሑድ እሑድ ያንን አራግፋ ወደ እኔ ትልካታለች። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ትዕግሥት አስተምራለሁ። (አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ማስቲካውን ትፋ። ሁለተኛ አልናገርም።)

ይርጋለም አንደኛ ክፍል የምትገባው ለመስከረም ነበር። ስለዚህ ፊደል የምታየው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። እኔ ዘንድ ያለው የማንበቢያ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ነው።

መጽሐፉ የደብራችን አዛውንት የአባባ ገብረ ኪዳን ነው። ልጅ ሆነው ይፋግ ከተማ ሲማሩ ማንበብ የለመዱበት ነው፤ ሲያረጅ ለእሳቸው ተሰጠ። ሥዕል አለው። በሬ አለ፤ ድመት አለች፤ ቁምጣ የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ አለ። ያ ልጅ ስልሳ ዓመት ሙሉ ፈገግ እንዳለ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ጫማው ጭቃ አልነካውም። አይጥ የመጽሐፉን ጠርዝ በልታዋለች፤ ፊደሉን ግን አልነካችም። አይጥ እንኳ ፊደል ታከብራለች።

አባባ ገብረ ኪዳን መጽሐፉን ሲሰጡኝ፣ "ልጆች ይንኩት" አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም። እሳቸው ራሳቸው ዳዊት ሲደግሙ መጽሐፉን ወደ ጎን አዙረው ነው የሚይዙት። የአንገት ሕመም ነው ይባላል። ስንት ጊዜ ጠበል አምጥተንላቸዋል! ይህን አትርሱት።

አንድ መጽሐፍ፣ አሥራ አንድ ልጅ። ለምን አታባዛውም ትሉኝ ይሆናል። አባዛሁት፤ ፎቶ ኮፒው በሬውን ጥቁር ደመና አደረገው። ለምን ሰሌዳ ላይ አትጽፍም? ሰሌዳ ነበረን። የዕቃ ቤቱ በር ሲሰበር የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ በሰሌዳው ዘጋው። ታዲያ ለምን ኮሚቴውን መጽሐፍ አትጠይቅም? ጠየቅሁ። ዘጠኝ ጊዜ ጠየቅሁ። በዘጠነኛው ትልቅ ባነር አሠሩልኝ። "ንባብ ብርሃን ነው" ይላል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ገበያው በገዛ እጃቸው ሰቀሉት። ትዕግሥት አስተምራለሁ ብያችኋለሁ።

እንግዲህ መጽሐፉን ምንጣፍ ላይ እዘረጋና ልጆቹን ዙሪያውን አስቀምጣለሁ። በግርጌው በኩል፣ ፊደሉ ቀጥ ብሎ በሚታይበት፣ የአቶ ገበያው ልጅ አበረ ይቀመጣል። ተቀምጦም ይተኛል። ይርጋለም ከእሱ ፊት ለፊት፣ በመጽሐፉ ራስጌ ናት።

አንድ እሑድ ቀረብ አለችና፣ "መምህር፣ ዛሬ እኔ አበረ ቦታ ልቀመጥ?" አለችኝ።

"ልጄ፣ ክርስቲያን በቦታ አይጣላም።"

"አልተጣላሁም፤ ለመንኩ እንጂ።"

"ተቀመጭ።"

ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ እናቷ ስሞታ ይዛ መጣች።

"መምህር፣ ይችን ልጅ ምንድን ነው የሚያስተምሯት? ገበያ መሀል ሱቅ ፊት ትቆምና ጎንበስ ብላ በእግሮቿ መካከል ታያለች! ሰው ሁሉ ጉድ አለ። 'አንች፣ ምን ትሠሪያለሽ?' ስላት 'አነባለሁ' ትለኛለች።"

"የልጅ ጨዋታ ነው፤ ይለቃታል" አልኳት።

ክረምት ሊገባ ሲል አባባ ገብረ ኪዳን መጡ። "በጰራቅሊጦስ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ገጽ አጣርቶ ያነበበ ልጅ መጽሐፉን ወስዶ ቤቱ ይክረምበት" አሉ።

ይርጋለም ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። መጽሐፉ ቤቷ ከገባ በፈለገችው በኩል ልትቀመጥ ነው! "ተቀመጭ" የሚላት የለም።

ግን ጭንቅ ነበረባት። ገብቷችኋል፣ ልጆች? ፊደሉን ሁሉ ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን ተገልብጦ ነው። መጽሐፉ ቀጥ ሲልባት ሁሉም እንግዳ ይሆንባታል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ "መጽሐፍ ቀጥ ተደርጎ ይያዛል! ጠማማ አያያዝ እንዳላይ!" ብዬ ተቆጥቼ ነበር።

የጰራቅሊጦስ ጠዋት አበረ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኛት።

"አንች፣ ምን አስጨነቀሽ? ሥዕሉን እይና በቃልሽ በይው። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።"

"ውሸት አይሆንም?"

"ሥዕሉ በሬ ነው፤ አንችም በሬ ትያለሽ። ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?"

ልጆች፣ ፈተና የሚመጣው እንዲህ ነው። ቀንድ የለውም። ማስቲካ ያኝካል።

ሰዓቱ ደረሰ። ወላጆች ከባነሩ ሥር ተቀመጡ። ይርጋለም ተጠራች። መጽሐፉን ቀጥ አድርጋ ያዘች። ገጹ በሬው ጭቃ ውስጥ የቆመበት ነው።

"በሬው ጭቃ ገባ። ጌታው ጎተተው። አልወጣም። ጎረቤት መጣ። በሬው ወጣ!" አለች፣ ባንድ ትንፋሽ።

እልልታ ሆነ። አቶ ገበያው አጨበጨቡ። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አባባ ገብረ ኪዳን ብቻ አላጨበጨቡም። ቀስ ብለው ተነሡና ጣታቸውን ገጹ መሀል አኖሩ።

"ልጄ፣ ይህች ቃል ምን ትላለች?"

ይርጋለም ቃሏን አየች። ሥዕሉን አየች።

"በ... በሬ።"

"ጎረቤት ነው የምትለው።"

ከአስፋልቱ የባጃጅ ጥሩንባ ብቻ ይሰማል።

"ሸምድዳ ነው!" አሉ አቶ ገበያው። "መምህር፣ ይህ ነው ትምህርትዎ?"

የይርጋለም እንባ ወረደ። "ረሳሁት" ብላ ማምለጥ ትችል ነበር። አላለችም።

"ዋሸሁ፣ አባባ" አለች። "በቃሌ ነው ያልኩት። ይቅር ይበሉኝ። ማንበብ ግን አውቃለሁ። የማላውቀው ከዚህ በኩል ነው። የማውቀው ከወዲያ በኩል ነው።"

"ከወዲያ የት?"

መጽሐፉን ገለበጠችው። በሬው እግሩን ወደ ሰማይ አነሣ።

"ኧረ ጉድ! ጭራሽ መጽሐፉን ደፋችው!" አሉ አቶ ገበያው።

"ተዋት፣ ገበያው" አሉ አባባ። ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አኖሩ። "ጭቃ" አለች። ሌላ ላይ አኖሩ። "ጎተተው" አለች። ከዚያ እኔ ጨርሶ አስተምሬው ወደማላውቀው ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጡ። ይርጋለም አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ ቃል በቃል አነበበች።

"ድመቷ... ከጣራ... ወረደች። ማንም... አልጠራትም።"

ወይዘሮ ገላነሽ አፏን በእጇ ያዘች። "ለካ በእግሯ መካከል..." አለች።

አባባ ገብረ ኪዳን ሳቁ። "መምህር፣ ይፋግ ስንማር በዚሁ መጽሐፍ ዙሪያ ዘጠኝ ነበርን። እኔ በግራ በኩል ነበርኩ።"

ሁላችንም አንገታቸውን አየን። ያ ሁሉ ጠበል!

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" አልኳቸው።

"ማን ጠየቀኝ? ጠበሉን ታመጣላችሁ፤ እጠጣለሁ።"

ከዚያ ወደ ይርጋለም ዞሩ። "ስለ ውሸትሽ አንድ እሑድ ይቆይብሽ። ስለ እውነትሽ ደግሞ ክረምቱን ያንች ነው። ቤትሽ ስትደርሽ ከግርጌው ተቀመጭ።"

እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። ለምናኝ ነበርና።

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ሰሌዳውን ከበሩ ላይ የማንሣቱ ነገር ይጠና ተባለ። ይኸው እየተጠና ነው። ትዕግሥት አስተምራለሁ።

ለመስከረም ይርጋለም አንደኛ ክፍል ገባች። አሁን ሱቆቹን ቆማ ታነባለች። መጽሐፉን መልሳልናለች፤ ይኸው ፊታችሁ ምንጣፉ ላይ ነው። እሑድ እሑድ፣ ከየመዝሙሩ በኋላ ሩብ ዙር አዞረዋለሁ። አበረ፣ ተነሥ፤ ዛሬ ተራህ በራስጌ ነው። ማስቲካውንም ትፋ።

ትምህርቱ ይህ ነው፣ ልጆች፦ ቀጥ ተደርጎ ከተያዘ ውሸት፣ ተገልብጦ የተነበበ እውነት ይበልጣል።