ቡላ በታቦቱ መንገድ ዳር

ይታይሽ ቢራራን ከማየቷ በፊት ያየችው ውሻውን ነው፤ ውሻውንም ያየችው ሲሰርቅ።

ጊዜው ስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም.፣ ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር። የደባርቅ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሞልቶ፣ ካህናቱ ከጥዱ ሥር ሲያሸበሽቡ፣ አባቷ ቄስ ሰጠኝ ጥምጣማቸውን ሊያስተካክሉ መቋሚያቸውን ለአፍታ ግንቡ ላይ አስደገፉት። ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ጠጉሩ የበሰለ ገብስ የመሰለ አንድ ጎረምሳ ውሻ በሰው እግር መካከል ሾልኮ ገባና መቋሚያውን ወገቡ ላይ ነክሶ ውልቅ አለ።

«ኧረ ውሻ! ውሻ ቅጥር ገባ!» ሴቱ ጮኸ፤ ወንዱ ድንጋይ ፍለጋ አጎነበሰ። ይታይሽ ነጠላዋን ሰብስባ ተከትላው ሮጠች።

ከበሩ ውጭ ስትደርስ ውሻው አንድ ወጣት የፓርክ ዘበኛ ፊት ቁጭ ብሏል። መቋሚያውን በአፉ እንደያዘ አንጋጦ ያየዋል፤ ምርቃት የሚጠብቅ ይመስላል።

«ያንተ ነው?» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ውሻው የኔ ነው» አለ ወጣቱ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «በትሩ ግን...»

«በትር! የቄስ ሰጠኝ መቋሚያ ነው እኮ! እኔም ልጃቸው ነኝ።»

«ወይ ጉዴ!»

መቋሚያውን በሁለት እጁ አቀበላት። ሲያቀብላት ዓይኗን አየና መልቀቁን ረሳ። እሷም መቀበሏን ረሳች። ውሻው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል። ልከኛ ሰዓት መርጦ ያፈቀረ ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እነዚህም ካህናት እየጮኹ፣ ድንጋይ እየተወረወረ ተያዩ።

ወጣቱ ቢራራ የአምቢኮ መንደር ልጅ ነው። ስለ ዋልያ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ተራራ ለተራራ ሲመራ ቆይቶ፣ አገሩ ሲታመስ ፈረንጁ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ ውሻውን ቡላንም ለእሱ ተወለት። የውሻው ዘር ሪትሪቨር ይባላል። ተመትቶ የወደቀ ወፍ ለጌታው ማምጣት የዘር ሥራው ነው። ደባርቅ ላይ ወፍ የሚመታለት ሲያጣ ያገኘውን ሁሉ ማምጣት ጀመረ፤ የጎረቤት ጫማ፣ የማጭድ እጀታ፣ አንድ ቀን የቀበሌውን ሊቀ መንበር ባርኔጣ ሳይቀር።

በማግስቱ ቢራራ ይቅርታ ሊጠይቅ ቄስ ሰጠኝ ደጅ ቆመ።

«እንስሳው ምን በደል አለበት» አሉት ቄሱ፣ ቃሉን እያላመጡ። «ሳታስተምር የለቀቅኸው አንተ ነህ። አርፎ መቀመጥ ይማር። እስኪማር ድረስ እዚህ ደጅ እንዳላያችሁ። ሁለታችሁንም።»

ለትምህርቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ምንጭ አጠገብ ያለው ሜዳ ተመረጠ። ይታይሽ ውሃ የምትቀዳበት ምንጭ መሆኑ እንዲያው አጋጣሚ ነው ብለን እንለፈው።

ቢራራ መዳፉን ዘርግቶ «ቆይ!» ይላል። ጥቂት ወደ ኋላ ይራመድና ተመልሶ የገብስ ዳቦ ቁራሽ ያጎርሰዋል። ጾመ ነቢያት ገብቶ ሥጋ ከየት ይምጣ? ቡላም ከክርስቲያኑ ጋር አብሮ ጾመ። እያደር የበግ መንጋ በፊቱ ሲያልፍ መቀመጥ ቻለ። የአህያ ጩኸትም ቻለ። ይታይሽ እንስራዋን አዝላ ብቅ ስትል ግን የተማረውን ሁሉ ትቶ፣ ጭራውን እየወዘወዘ ወደ እሷ ይበራል።

«አየሽ?» አለ ቢራራ። «ላንቺ ካልተነሣ ለማንም አይነሣም። እባክሽ እዚያ ድንጋይ ላይ ቁሚልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪችል ድረስ።»

«ባይችልስ?»

«እኔስ መቼ ቻልኩ?» አለና፣ ከአፉ በወጣው ደንግጦ አቀረቀረ።

ይታይሽ እንስራዋን አውርዳ፣ ቀስ ብላ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ቆመች። ያን ቀን ውሃው ቤት የደረሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ እናቷ ታንጉትም ምንጩ ደርቆ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ውሎ አድሮ ማዘዙንም አስተማራት። «ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ። መዳፍሽን ዘርጊና ዓይኑን እዪው። ገና ልጅ ነው፤ ዓይንሽን ከነቀልሽ ይነሣል። ስትጨርሺም ከሩቅ አትጥሪው። ራስሽ ሄደሽ፣ ራሱን ነክተሽ ‹በቃ› በይው።»

«ብጠራውስ?»

«መነሣትን ታስተምሪዋለሽ። ተመልሰሽ እንደምትመጪ ካመነ ነው የሚቆየው።»

አንድ ጠዋት ቡላን «ቆይ» ብላው ወደ ቢራራ ስትሄድ ጉም ከገደሉ ሥር ተግተልትሎ ወጣና ሜዳውን ዋጠው። ምንጩም ውሻውም ጠፉ። በነጩ ጭለማ ውስጥ ተጠጋግተው ቆሙ። ጅብ አለ፣ ገደል አለ፣ የሚያስደነግጥ ድምፅ ሁሉ አለ፤ ውሻው በቃ ሄዷል ብላ ተስፋ ቆረጠች። ጉሙ ሲገለጥ ቡላ እዚያው፣ ጠጉሩ ጤዛ ለብሶ፣ ዓይኑን እሷ በጠፋችበት አቅጣጫ ተክሎ ተቀምጧል።

«እግዚኦ!» አለች ይታይሽ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ማነው ይህን ያስቻለው? ዳቦው ነው? እጇ የቢራራን እጅ እንደያዘ ያወቀችው ዘግይታ ነው። ያን ቀን ወደደችው፤ መውደዷንም ለራሷ አልካደችም።

በገና ማግስት ቢራራ ሽማግሌ ላከ። ከዳባትም ለአንድ ዲያቆን ልጅቱን የሚጠይቁ ሰዎች መጥተው ነበር። ቄስ ሰጠኝ የቢራራን ሽማግሌዎች ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦ «ውሻውን አደብ ያላስያዘ ቤቱን እንዴት ይይዛል? ለከተራ ታቦቱ ሲወርድ ውሻው መንገድ ዳር ይምጣ። ከዚያ ሁሉ ከበሮና መቋሚያ ፊት አርፎ ከተቀመጠ እንነጋገራለን። ከተነሣ ግን ለዳባቶቹ ቃሌን እሰጣለሁ።»

ከተራ ደረሰ፤ ቢራራ ግን አልመጣም። የፓርኩን ካምፕ ስንቅ በበቅሎ የሚያመላልሰው ደምለው ቡላን በገመድ እየሳበ ብቻውን መጣ።

«ከቆላው ተኩስ ተሰምቶ ዘበኞቹ ከሳንቃ በር ካምፕ እንዳይነቃነቁ ታዘዋል» አላት። «‹ይታይሽ ታዘዋለች በላት› ብሎኛል።»

«እኔ? ሕዝብ ፊት?»

የቄስ ልጅ የአንድ ወንደ ላጤ ውሻ አደባባይ ላይ ስታዝ መታየት ማለት «ወድጄዋለሁ» ብሎ ጥሩንባ ማስነፋት ነው። ብትተወው ደግሞ ቢራራን በራሷ እጅ ለዳባቶቹ መለወጥ ነው። ይታይሽ አንዴ ተነፈሰችና ገመዱን ተቀበለች።

መንገድ ዳር አስቀመጠችው፤ ገመዱን ፈታች። መዳፏን ዘርግታ «ቆይ» አለች።

ከበሮው መጣ። ጎረምሳው ዱላውን ወደ ሰማይ እየወረወረ እየቀለበ፣ ሆታው ምድሩን እያንቀጠቀጠ አለፈ። የቡላ ጆሮ ቆመ፤ ጡንቻው ሁሉ ተርገፈገፈ። አልተነሣም። ካህናቱ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ በአፍንጫው ሥር አለፉ። አልተነሣም። ከጥላዎቹ ሥር ታቦቱን በራሳቸው የተሸከሙት ቄስ ሰጠኝ መጡ። ልክ በውሻው አንጻር ሲደርሱ ታቦቱ ቆመ።

አልሄድም አለ። ከበሮው ጸጥ አለ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተደፋ።

«ውሻው ነው! በውሻው ነው የተቆጣ!» አለ አንድ ሰው፤ ድንጋይ ተወርውሮ ከቡላ እግር አጠገብ ወደቀ።

ይታይሽ ልትሰግድ ጉልበቷ ታጠፈ። ዓይኗን ከነቀለች ቡላ እንደሚነሣ አወቀች። ቀና አለች። ያ ሁሉ ሕዝብ ግንባሩን ከአፈር አገናኝቶ ሳለ እሷ ብቻ፣ እጇን እንደዘረጋች፣ በታቦቱ ፊት ቆመች። ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ፈራች። ውሻውም ይንቀጠቀጣል፤ ግን ያያታል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የምትሰማው የእሱን ትንፋሽና የራሷን ልብ ብቻ ነበር።

ከዚያ ታቦቱ ተንቀሳቀሰ። እልልታው ፈነዳ። ይታይሽ ሄዳ የቡላን ራስ ነካችና «በቃ» አለችው።

«ምነው ልጄ!» አለች እናቷ ደረቷን እየደቃች። «ታቦት ፊት ሳትሰግጂ! አባትሽ ዓይኑን አያሳይሽም!»

ካህናቱ ከታቦቱ ጋር ድንኳን አደሩ፤ ይታይሽም ፍርዷን ስትጠብቅ አደረች። በማግስቱ ጠበሉ ተረጭቶ የሕዝቡ ጃኖና ነጠላ እየተንጠባጠበ ሳለ፣ ቢራራ አቧራ ለብሶ፣ ከሳንቃ በር በእግሩ ሲገሠግሥ ደረሰ። የሆነውን ሰምቶ ሳይጨርስ ቄስ ሰጠኝ መጡ። ሰዉ ገለል አለላቸው።

«ታቦቱ ለምን እንደ ቆመ አላውቅም» አሉ ልጃቸውን እያዩ። «እግሬ አልሄድ አለኝ፤ የማውቀው ይኸው ነው። ሁሉ ወድቆ ሳለ የኔ ልጅ ቆማ አየሁ። ተቆጣሁ። ከዚያ እጅሽን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልወረደም። ውሻውም ድንጋይ እየተወረወረበት አንቺን ያያል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳገለግል እንዲህ ያለ መታመን በሰውም አላየሁ። ታቦት ተሸክሜ በልጄ እጅ ተደነቅሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢሆንም አለመስገድ አለመስገድ ነው። ታቦቱ ያው ድንኳኑ ውስጥ ነው። የትናንቱን ዛሬ ስገጂ።»

ይታይሽ እንባዋን ሳትጠርግ በእርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከች። ቢራራ ጠመንጃውን ለደምለው አቀብሎ ከጎኗ ተንበረከከ።

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህና?» አሉት ቄስ ሰጠኝ።

«አባቴ፣ ውሻው የኔ ነው። ለእሱ ብላ ያጠፋችው የኔ ጥፋት ነው፤ አብሬያት ልስገድ።»

ቄሱ ትክ ብለው አዩት። ቢራራ ዓይኑን አልሰበረም።

«ሽማግሌዎችህን በሰንበት ላካቸው» አሉ በመጨረሻ። «ለዳባቶቹ የምለውን እኔ አውቃለሁ። አሁን ስገዱ።»

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን ከሣሩ አገናኙ። ሲነሡ ትከሻቸው ተነካካ፤ ሕዝብ እያየ ነው፤ ይታይሽ አልሸሸችም። ከሴቶቹ መካከል ቀድማ እልል ያለችው እናቷ ታንጉት ነበረች።