ሐሚዳ እየተጫወተች ነው

«ስልኩን» አለች እናታቸው እጇን ዘርግታ።

ሐሚዳ ከፊዚክስ መጽሐፏ ቀና አለች። «የምን ስልክ?»

«ያንቺን ነዋ። ጌም የምትጫወቺበትን።»

ታናሽ እህቷ ሸይማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር እየፈታች ነበር፤ ከትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነው። እጇ ክሩ ላይ ቀረ።

«እኔ ጌም አልጫወትም» አለች ሐሚዳ።

«አጎትሽ ደውሎ ነው የነገረኝ። ሪፖርት ይመጣለታል። ማን መቼ እንደተጫወተ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ አንድ አይቀረውም። ቀን ቀን፣ እኔ ሱቅ፣ እህትሽ ትምህርት ቤት በሆንንበት ሰዓት ‹ሐሚዳ እየተጫወተች ነው› ይላል። እኔ ደግሞ ታች ቁጭ ብዬ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ልጄ ለማትሪክ እያጠናች ነው እላለሁ።»

«ወላሂ እማ፣ ከፍቼው አላውቅም።»

«በወላሂ አትቀልጂ።»

እናታቸው ስልኩን ከትራሱ ሥር አውጥታ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከነገ ጀምሮ ሐሚዳ የምታጠናው ሱቅ ውስጥ፣ ዓይኗ ሥር እንደሆነ ነግራት ወጣች። ሱቁ ገርጂ ካለው ኮንዶሚኒየማቸው ምድር ቤት ነው። ዘይት፣ ሳሙናና የሕንፃው ነዋሪ ወሬ በችርቻሮ ይሸጥበታል፤ ፊዚክስ ግን የሚጠናበት ቦታ አይደለም።

ሸይማ መናገር የነበረባት ያኔ ነው። አፏን ከፈተች። «ውሃ መጥቷል?» አለች።

ሐሚዳ አቀርቅራ መጽሐፏን ዘጋች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉርድ ሾላ የስልክ ጥገና ሱቅ ያለው አጎታቸው አብዱልገኒ የጌሙን የቤተሰብ ጥቅል ገዝቷል፤ በአንድ ክፍያ አምስት ሰው ይጫወታል። ለራሱ፣ ለሚስቱና ለልጁ ለኢምራን ካደረገ በኋላ የቀሩትን ሁለት ቦታዎች ለሸይማና ለሐሚዳ ሰጠ። ሐሚዳ አልፈልግም ብትለውም አድልዎ እንዳይመስልበት መዘገባት። የሁለቱንም የመግቢያ ኮድ የላከው ለሸይማ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀ፤ «ቤተሰብ ማለት ቤተሰብ ነው። ከቤት ውጭ አንድ ሰው ያስገባ ራሱም ይወጣል።»

የሐሚዳ ቦታ ማንም ሳይነካው ከረመ። ሸይማ ደግሞ ፊዮሪ የምትባል፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛ አላት። ባዶ ወንበር እያለ ሰው ቆሞ አይሄድም ብላ ኮዱን ሰጠቻት። ፊዮሪ ማታ ማታ በሐሚዳ ስም እየገባች ትጫወት ጀመር፤ ጌሙ ከተማ የሚገነባበት ነው። እስከዚህ ድረስ ለሸይማ ግልጽ ነው።

ግልጽ ያልሆነው «ቀን ቀን» የሚለው ነው። ቀን ቀን ፊዮሪ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ናት። ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ነው። ታዲያ ሐሚዳ ራሷ ናት ማለት ነው? ሐሚዳ ኮዱን ከየት አምጥታ? ደግሞስ ካልሆነች ለምን እንደ ጥፋተኛ አቀረቀረች?

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ፊዮሪን ጠየቀቻት።

«አንቺ፣ ቀን ቀን ትጫወቻለሽ እንዴ?»

«ቀን ቀን የት ነኝ? አጠገብሽ አይደለሁ?»

«ታዲያ ማን ነው?»

ፊዮሪ ከሸይማ ምሳ ዕቃ ድንች አነሳች። «እኔ ምን አውቃለሁ። እህትሽ ትሆናለቻ።»

«ሐሚዳ ጌም አትወድም።»

«አትወድም ነበር በይ። ፈተና ሲደርስ ሰው የማይወደው ነገር የለም። እኔ ለሒሳብ ፈተና ሳጠና ምስር ስለቅም ነው ያመሸሁት፤ ማንም ሳያዘኝ።»

ሸይማ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ «ኮዱን ለሰው አልሰጠሽም አይደል?» አለች።

«አቦ አታካብጂ። ለማን እሰጣለሁ?»

ይህን ስትል ግን የምታየው ድንቹን ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሸይማ በራሷ ስም ገብታ የሐሚዳን ከተማ ጎበኘች። የአንድ ጥቅል ሰዎች አንዱ የአንዱን ከተማ ማየት ይችላል። የፊዮሪን አያያዝ ታውቃለች፤ የእሳት አደጋ ጣቢያ ሳይኖር ሲኒማ ቤት ሠርታ ግማሽ ከተማ ያቃጠለች ልጅ ናት። አሁን ያየችው ሌላ ነው። መንገዶቹ እንደ ጥሩ ስፌት ተስተካክለዋል። ዳር ዳሩን የፍሳሽ ቦይ ተቀዷል። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ፣ ከማቆሚያው እስከ በሩ የእግረኛ መንገድ ተዘርግቷል። ወንዙ ላይ በግማሽ የቀረ ድልድይ አለ።

ይህን ፊዮሪ አልሠራችም። ሐሚዳም አትሠራውም፤ ሐሚዳ ካርታ ገልብጣ የምታነብ ሰው ናት።

ሸይማ ስልኩን ዘጋችው። ወዲያው መልሳ ከፈተችው። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት የመምህራን ስብሰባ ስለነበር ተማሪው ከረፋዱ ላይ ተለቀቀ። ፊዮሪ ወደ ቦሌ አራብሳ የሚሄደውን አውቶቡስ ለመያዝ ተሰለፈች። ቤተሰቧ በቅርቡ ነው ከሸይማ ሕንፃ ለቀው ወደዚያ የገቡት። «ሰፊ ነው፣ አየሩ ደግሞ ንጹሕ» ትላለች ስለ አዲሱ ሰፈር፤ ሁልጊዜ በነዚሁ ቃላት።

ሸይማ በእግሯ ቤት ደረሰች። በሱቁ በኩል ስታልፍ ሐሚዳ በለስላሳ ሣጥኖች መካከል ተቀምጣ ጆሮዎቿን በጣቶቿ ደፍና ታነባለች። ከአጠገቧ አንዲት ሴትዮ ስለ ኪራይ ጭማሪ ለእናቷ ታወራለች። የሐሚዳ ስልክ እናቷ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ይታያል።

ሸይማ ደረጃውን ወጣች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ከመሳቢያ አወጣች፣ ጌሙን ከፈተች።

«ሐሚዳ እየተጫወተች ነው።»

ሐሚዳ ታች ናት። ፊዮሪ አውቶቡስ ውስጥ ናት፣ ስልክ አልያዘችም። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ግን ዓይኗ እያየ አንድ ምሰሶ ጨመረ።

መልእክት መላኪያው ላይ «ማነህ» ብላ ጻፈች።

ግንባታው ተቋረጠ። ብዙ ቆይቶ መልስ መጣ።

«እንደምን አረፈድሽ። ሸይማ የሚለው ስም ያንቺ ነው? ሳላስፈቅድ ገብቼ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። ድልድዩን ልጨርስ ብዬ ነው።»

ሸይማ ደግማ አነበበችው። እዚህ ጌም ውስጥ አራት ነጥብ የሚጠቀም ሰው አይታ አታውቅም። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው «ማን ነዎት?» ብላ አስተካከለች።

«የፊዮሪ አባት ነኝ። እሷ እስክትመጣ ነው።»

ጋሽ ዓለምሰገድ። የመንገድ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ፣ ጠዋት ጠዋት የመሥሪያ ቤት ባጃቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ የሚወርዱ ሰውዬ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ያውም ከምሳ በፊት።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ድልድዩ ያምራል» ብላ ጻፈች፤ ይህን ላከችው።

«ችግሩ ፍሳሹ ነው። ሲዘንብ ታይዋለሽ።»

ከዚያ በሥራ ሰዓት ቤት መሆናቸውን እንዳጋለጡ የገባቸው መሰለ። የሐሚዳ ስም ላይ የነበረው አረንጓዴ ነጥብ ጠፋ።

አርብ ጠዋት ፊዮሪ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሰላም አላለቻትም።

«አባቴን አዋራሽው አይደል?»

«እሳቸው መሆናቸውን መች አወቅሁ?»

«ቢሮው ከተዘጋ ቆይቷል።» ፊዮሪ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጠዋት ባጁን አንጠልጥሎ ይወጣል፣ አዲሶቹ ጎረቤቶች እንዳያውቁ። ዞር ዞር ብሎ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሲገባ ይመለሳል። እኔና እናቴ ብቻ ነን የምናውቀው፤ ዘመድ እንኳ አልሰማም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ነበር የሚውለው። ጌሙን አሳየሁት፤ ካሳየሁት ወዲህ ምሳውን ይበላል።»

«እህትሽ ናት ነበር እኮ ያልሽኝ።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

«እውነቱን።»

«ለአንቺ መንገር ለእናትሽ መንገር ነው። ለእናትሽ መንገር ደግሞ… ታውቂያታለሽ። ሳሙና ከመሸጧ በፊት ሰፈሩ ይሰማዋል።»

ሸይማ ለእናቷ ልትቆጣላት ፈለገች፤ ግን እውነት ነው። «ሐሚዳ እንደ ሌባ እየተጠበቀች ነው» አለች።

ፊዮሪ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። «እንዳሻሽ አድርጊ» አለችና ገባች። ምሳ ሰዓት ላይ ሸይማ ምሳ ዕቃውን በመካከላቸው አስቀመጠች፤ ፊዮሪ ድንች አላነሳችም።

ሸይማ ነገሩን በየትኛውም በኩል ብታዞረው አልቀና አላት። እኔ ነኝ የተጫወትኩት እንዳትል ትምህርት ቤት ነበረች። ፊዮሪ ናት እንዳትል ፊዮሪም አብራት ነበረች። የሰጠሁት እኔ ነኝ ብትል የሚቀጥለው ጥያቄ «ቀን ቀን ማን ነበር?» ነው። ዝም ብትል ደግሞ ሐሚዳ አለች። በጌሙ ውስጥ ያልወደዱትን መንገድ አፍርሶ እንደገና መሥራት ይቻላል፤ እዚህ አይቻልም።

በዚያው ዕለት ሐሚዳ በዚያ ሳምንት የተፈተነችው የሞዴል ፈተና ውጤት መጣ። ፊዚክስ ወድቃለች። በለስላሳ ሣጥኖች መካከል የተጠና ፊዚክስ እንዲህ መሆኑ አይገርምም፤ እናታቸው ግን ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። «ይኸው የጌሙ ውጤት» አለች። ሐሚዳ ወላሂ ማለቷን ትታለች። «አምናችኋል፤ በቃ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደ በፊቱ ብትጮህ ለሸይማ ይሻላት ነበር።

እሑድ አጎታቸው አብዱልገኒ ለመምከር መጣ። ሸሚዙ ኪስ ላይ ትንሿ ብሎን መፍቻ እንደተሰካች ናት። ምሳ ተበልቶ ትሪው እንደተነሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐሚዳዬ፣ ጌም መጫወት ኃጢአት አይደለም። መዋሸት ነው እንጂ የሚያስጠላው…»

«ሐሚዳ አይደለችም» አለች ሸይማ።

ሦስቱም ዞሩ።

«ቦታዋን ለሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኮዱን የሰጠሁትም እኔ ነኝ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም።»

ሐሚዳ አየቻት። አመሰግናለሁ የሚል አስተያየት አልነበረም። «ይሄን ሁሉ ቀን?» አለች በቀስታ። «ሱቅ ውስጥ ስቀመጥ እያየሽ?»



«ፊዮሪ ናት» አለች እናቷ። «ሌላ ማን አላት?» ከዚያ ግን ቆም አለች፤ የሱቅ ሰው ናትና ነገር ሳይገጣጠም አያልፋትም። «ቆይ። ፊዮሪ ቀን ቀን ካንቺ ጋር ናት። እናቷም ሥራ ትውላለች። እዚያ ቤት ቀን ቀን የሚውለው ማን ነው ታዲያ?»

ሸይማ ለዚህ ጥያቄ የፊዮሪ የአጎት ልጅ ፈጥራ ነበር፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ስም ሳይቀር አውጥታለታለች። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሐሚዳ ግን ዓይኗን አልነቀለችባትም። የአጎት ልጁ እዚያው ቀረ።

«አልናገርም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የሰው ገመና ነው፣ እማ።»

እናቷ ከጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪ መጥረግ ጀመረች፤ የሌለውን ፍርፋሪ ጭምር።

አብዱልገኒ ስልኩን አወጣ። አምስቱ ስሞች ያሉበትን ገጽ ከፍቶ ወደ ሸይማ ገፋው። «እኔ ቃሌን አላጥፍም። ወይ ሰውየውን ንገሪኝ፣ ወይ ከሐሚዳ ስም ጋር አንቺም ውጪ። በገዛ እጅሽ።»

ሸይማ ስልኩን አነሳች። የሐሚዳ ስም ላይ ነጥብ የለም፤ እሑድ ስለሆነ ጋሽ ዓለምሰገድ ብቻቸውን አይውሉም። ድልድዩ አልቆ ይሆን? «የእኔን አሁን አወጣለሁ» አለች። «የሐሚዳ ግን እስከ ነገ ማታ ይቆይ።»

«ምን ይሠራል?»

«ያላለቀ ድልድይ አለ።»

«የምን ድልድይ?» አጎቷ ወደ እህቱ ዞረ። እናቷ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ስሙ የእኔ ነው አይደል?» አለች ሐሚዳ። ፊቷ አልተፈታም፤ ወደ ሸይማም አላየችም። «ይቆይ።» ከዚያ እጇን ወደ እናቷ ሽርጥ ዘረጋች። «ስልኬን።»

ሸይማ የራሷን ስም ነካች። ነገ ጠዋት ፊዮሪን ምን እንደምትላት አታውቅም። እናቷ ነገ ሱቅ ቁጭ ብላ ዝም ማለት እንደምትችልም አታውቅም። ጌሙ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

አልነበረችም። «አዎ» የሚለውን ተጫነችው።