ቆሞ ስድስት፣ ሲፈስ አራት

እህት ወንድሟን ገደለች ሲሏችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? «እንዴት?» ካላችሁ፣ ከእነዚያ ለቀስተኞች ትሻላላችሁ። ባለጋራዡ ቀብሩ ላይ ቆሞ «ቤንዚን የምታሳልፈውን ጄት አሳንሳ ገጥማ ልጁን አቃጠለችው!» ሲል አንድ ሰው እንኳ «እንዴት?» አላለም። የከሳሽ ድምፅ ከጎላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል!

መርማሪው የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሟቹ ሲነዳት የተቃጠለችው የውድድር መኪና በባለጋራዡ መጋዘን ተቆልፎባት ከርማለች። ሞተሩ ሲከፈት አንዱ ፒስተን እንደ ሰም ቀልጧል።

የሟቹ ታናሽ እህት፣ የመኪናዋ መካኒክ፣ እጇን አጣምራ ከመርማሪው አጠገብ ቆማለች። የሥራ ፈቃዷን ነጥቀዋታል፤ ክስም ይጠብቃታል።

«ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አላት።

«ለፍጥነት የሚጨመረው ናይትረስ ጋዝ የሞተሩን እሳት ያበረታል። አብሮት በልኩ ቤንዚን ካልገባ ብረት ያቀልጣል። ልኩን የሚወስኑት የጄቷ ቀዳዳና የቤንዚኑ ግፊት ናቸው። እንባ የሚጠብቁ ከሆነ ይቅርብዎ፤ አልተሳሳትኩም።»

«ግፊቱን እንዴት ነው የምታስተካክዪው?»

«ቤንዚኑን በዚያችው ጄት ወደ ጀሪካን እያፈሰስኩ፣ የግፊት መለኪያው ጌጅ ስድስት እስኪል። የቆመ ቤንዚን ይዋሻል፤ መውጫ ሲያጣ ጌጁን ከፍ ያደርገዋል።»

መርማሪው ጎን ለጎን የተገጠሙትን ሁለት ጄቶች ፈታ። የመርፌ ዓይን የሚያክል ቀዳዳ ያላቸው የነሐስ ቁራጮች ናቸው። የናይትረሷ ከሰል መስላለች፤ የቤንዚኗ እንደ አዲስ ቀለበት ታበራለች። በጨርቅ ጠቀለላቸው።

ሁለተኛው ሾፌር፣ «ተረበኛው» የሚሉት፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል።

«ሟቹ ቦታህን ወስዶብህ ነበር አሉ።»

«ወስዶብኛል። ይጠርጥሩኝ፣ ከፈለጉ ያስሩኝ፤ ግን ብሎን በየት በኩል እንደሚጠብቅ አላውቅም። የቤታችንን በር እንኳ የምትጠግነው ሚስቴ ናት።»

«ከውድድሩ በፊት መኪናዋ ጋ ማን ነበር?»

«እሷ ጨርሳ የውድድሩን አስፋልት ልታይ ሄደች። ከዚያ ጋሼ፣ ባለጋራዡ፣ ብቻቸውን ኮፈኑን ከፍተው ያጉረመርሙ ነበር። እሳቸው መቼ ሳያጉረመርሙ ያውቃሉ?»

ባለጋራዡ ደረቱን ነፍቶ ተቀበለው።

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጌታዬ! ፓምፑን አስነሥቼ ሳይ ጌጁ ልክ ስድስት ነበር። ኮፈኑን የዘጋሁት ራሴ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካውም። ጥፋቱ የጄቷ ነው።»

«ቤንዚኑ እየፈሰሰ ነበር?»

«ሞተሩ ሳይነሣ በየት በኩል ይፈሳል?»

«አመሰግናለሁ» አለ መርማሪው። የሚያመሰግነው ሰው በገዛ ምላሱ ሲታሰር ነው።

በማግሥቱ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው፤ ሌሎች ተወዳዳሪዎችም ደጁን ሞሉት። ጠረጴዛ ላይ ተመሳሳይ ፓምፕ፣ ግፊት መቆጣጠሪያና ጌጅ ተገጥሟል።

«እህቴ፣ እንደ ልማድሽ አስተካክዪ።»

ቤንዚኑ ወደ ጀሪካን እየወረደ ጌጁ ስድስት ላይ ረጋ።

«አሁን ዝጊው።»

ጌጁ ወደ ስምንት ወጣ።

መርማሪው ወደ ባለጋራዡ ዞረ። «እሷ ትታት የሄደችው መኪና ቆማ የምታሳየው ስምንት ነው። እርስዎ ስድስት ነው አሉ። ከእሷ በኋላ ኮፈኑን የከፈቱት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስምንት ሲያዩ ቤንዚን የበዛ መስሎዎት የግፊት መቆጣጠሪያውን ብሎን አላሉት።»

መርማሪው ራሱ ብሎኑን አላላና ቆሞ ስድስት ላይ አደረሰው። ቤንዚኑን ሲለቀው ጌጁ ወደ አራት ወረደ። ከደጁ ሲቃ ተሰማ።

«ልጁን የገደለው ይኼ ነው፤ ናይትረሱ ገባ፣ ቤንዚኑ ጎደለ። እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው እንበል። ይህች ከመኪናዋ የፈታኋት ትንሽ ጄት ግን ስሕተት አይደለችም። ጎረቤቷ ከስላ እሷ የምታበራው ከእሳቱ በኋላ ስለተገጠመች ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ ከእርስዎ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።»

«ይህ ጋራዥ ...» ባለጋራዡ ድምፁ ሰለለ፤ «ይህ ጋራዥ የስንት ሰው ጉሮሮ ነው ...»

መካኒኳ እስከዚያች ሰዓት «ጋሼ» ሳትል ጠርታው አታውቅም።

«አንተ!» አለችው። «ቀብሩ ላይ ድምፅህ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር፤ አሁን ምን ያንሾካሹክሃል? ወደ ደጅ ውጣ! እነዚህ ሁሉ እየሰሙህ መልስ፤ ብሎኑን ማን አላላው? ጄቷንስ ማን ቀየራት?»