የአሥራ ሰባተኛው ካርድ ጀርባ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም። ሐይቁ ውስጥ ማታ ማታ ከበሮ ይሰማል የሚሉ ሰዎች ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ሥራ ፈትነታቸው ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ከበሮ ያማራቸው እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ይስሙ፣ እዚያ ግን አንዳቸውም አይታዩም። ጠንቋይ ቤት የሚመላለሱትንማ ተዉአቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቼን ያሳደግኩት በጸሎትና በዚህች የኅትመት ሱቅ ነው፣ አንድም ቀን ጥላ አይቼ ደንግጬ አላውቅም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ስነግራችሁ ራሴም እንደማፍርበት እወቁልኝ።

ነገሩ የቅሬው ካርድ ነው። ቅሬ ማለት እኛ ወሎዎች ክርስቲያን እስላም ሳንል የምንቀባበርበት ማኅበር ነው፣ ሌላው አገር እድር ይለዋል። የባሌን መቃብር የቆፈሩት፣ ድንኳን የተከሉት፣ ንፍሮ የቀቀሉት ቅሬዎቹ ናቸው፣ ውለታቸውን አልረሳም። ከቅሬ የወጣ ሰው ግን ሲሞት አካፋ የሚያነሳለት የለም።

ባለፈው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር ሱቄ መጣ። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፣ እዚህ አንተ ስለው እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማለት ስልኩን ጮክ አድርጎ ከፍቶ የሚያወራ፣ ሐይቁን ራሱ የቆፈረው የሚመስለው ሰው ነው። ለአባላቱ ዘመናዊ ካርድ ይሠራ አለ፣ ፊቱ ላይ ስምና ቁጥር፣ ጀርባው ላይ ያው ቁጥርና የቤተሰቡ ስም፣ ተራውም ወደ ቅሬው በገቡበት ቅደም ተከተል። እሱ እየነገረኝ እኔ እየጻፍኩ አሥራ ሰባት ላይ ደረስን።

«ዘይነባን ዝለያት» አለ።

እትዬ ዘይነባን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ከአርዲቦ በኩል የመጣች አሮጊት ናት፣ ባሏ ሞቷል፣ አንድ ልጇ ሰዒድ ዓረብ አገር ከሄደ ወዲህ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ለምን ትዘለላለች ብዬ ጠየቅኩት።

«ጀርባዋ ባዶ ነዋ። ካርዱ ፊትና ጀርባ አለው፣ ጀርባ ለሌለው ሰው ምን ይጻፍለታል? ለሌላው ሬሳ የሚወጣላት ወንድ የላትም፣ እኛ ብቻ እንቅበራት?»

«ስትወጣ ኖራለች እኮ፣ ጋሽ ይመር። ለባሌ ለቅሶ እንስራ ውኃ ተሸክማ ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት።»

«አንቺ ቁጥሩን አስተካክይ፣ እማዋይሽ። መሐሉ እንዳይጎድል። ከእሷ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ፣ አሥራ ሰባት ለእኔ ይሁን።»

አስቡት፣ የአሮጊት ቁጥር ወርሶ ደረቱን ነፍቶ የሚወጣ ዳኛ። ከእሱ ጋር መከራከር ትንፋሽ ማባከን ነው፣ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ይህ ሥራ ለማያውቀው ቀላል ይመስለዋል። መጀመሪያ ፊቱ በሙሉ በተራ ይታተማል፣ ከዚያ ካርዶቹ ተገልብጠው ተመልሰው ይገቡና ጀርባቸው ይታተማል፣ አገላበጡ ከተሳሳተ የአንዱ ባል ከሌላው ሚስት ጋር ይውላል፣ እኔ ግን ተሳስቼ አላውቅም። አመሻሹ ላይ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ አትሜ ስጨርስ አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አየሁ። አሥራ ስድስት ልክ ነው፣ አሥራ ስምንትም ልክ ነው። አሥራ ሰባት ፊቱ ላይ ይመር ይላል፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

ኮምፒውተሩን አየሁ። ሚስቱና ልጆቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እንደገና አተምኩት፣ አሁንም ባዶ። ደሴ ላለው የማሽን ጠጋኝ ደወልኩ፣ ቀለም አልቆ ነው አለኝ፣ ቁጥሩ እንደ ኩል ጠቁሮ እያየሁት ቀለም አልቆ ነው ይለኛል፣ ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ የሰቀለውም እሱ ነው። ስሞቹን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጻፍኳቸው፣ ፊቱንም ጀርባውንም እንዲያትም ማሽኑን አዘዝኩት፣ በዚያች ቅጽበት መብራት ሄደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እመኑኝ፣ ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም። የማሽኑ መብራት ጠፍቷል፣ ሱቁ ውስጥ ከዝናቡ በቀር ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ወረቀት የሚስበው ጎማ መዞር ጀመረ፣ እንደ ወትሮው ፈጥኖ ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮው የታመመ ሰው ምራቁን እንደሚውጥ። ሶኬቱን ነቀልኩት። ድምፁ አልቆመም። አንድ ካርድ ወጥቶ በፊቱ ተደፋ። በስመ አብ ብዬ አነሳሁት፣ ትኩስ ነው፣ በስልኬ መብራት አየሁት፣ ፊቱ ላይ ይመር፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩ ብቻ። ሱቄን ዘግቼ እየጸለይኩ ቤቴ ገባሁ፣ ለልጆቼም አልነገርኳቸውም።

በማግሥቱ ጋሽ ይመር ሲመጣ ካርዶቹን ዘረጋሁለት። ሳቀ። ማሽንሽ አርጅቷል፣ እንደ ባለቤቱ አለኝ፣ እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ የሚስቱን ስም በእጁ ሊጽፍ ጀመረ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ጫረው እንጂ አልጻፈም። መዳፉ ላይ ሞከረው፣ ጻፈ። ወረቀቱ ላይ መለሰው፣ እምቢ አለ። ዓይኔን ሳያይ ኮቱን ሰብስቦ ተነሳ።

«መልሻት» አለ።

ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ። ፈጣሪን ያልፈራ ሰው ወረቀት ፈርቶ ነው። ብቻ መልሻት ካለ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ዘይነባን አሥራ ሰባት፣ እሱን አሥራ ስምንት አደረግኩ፣ ማሽኑ አንዴም ሳያንገራግር ጨረሰው፣ የይመር ሚስትና ልጆችም ቦታቸው ላይ ተገኙ። ሰዒድ በሕይወት ይኑር አይኑር ስለማይታወቅ የዘይነባ ጀርባ ላይ ቁጥሩን ብቻ አደረግኩበት።

ካርዷን ራሴ ወሰድኩላት። ደጇ ላይ ምስር ትለቅማለች። ቅሬው ውስጥ ነሽ፣ ማንም አያወጣሽም ስላት አላህ ልጆችሽን ያቁምልሽ ብላ መረቀችኝ፣ ካርዱን ተቀብላ ገለበጠችው፣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ዳሰሰችው።

«የሰዒድን ስም ጽፈሽልኛል» አለች።

«አልጻፍኩም፣ እትዬ ዘይነባ። ቁጥር ብቻ ነው።»

«ፊደል ባልቆጥር ጣት የለኝም? ነይ እስቲ።»

አውራ ጣቴን ይዛ ካርዱ ላይ አስቀመጠችው። የእኔ ማሽን ዱቄት ቀለም በሙቀት ያጣብቃል እንጂ ወረቀት አይጫንም፣ ይህን ማንንም ጠይቁ። በዓይኔ የማየው ነጭ ወረቀት ነው። በጣቴ ሥር ግን እንደ ዳነ ቁስል ጠባሳ ያበጠ ነገር ነበር፣ ተከትዬው ሄድኩ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ለየሁት፣ ከዚያ እጄን ሳብኩ።

«እዚህ ጀርባው ላይ» አለች፣ «የሚጻፈው በሕይወት ያለ ሰው ነው ወይስ የሞተም ይጻፋል?»

«በሕይወት ያለ ብቻ ነው» አልኳት። ደንቡ እንደዚያ ነው።

«አልሃምዱሊላህ» አለችና ካርዱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ሰዒድ እስከ ዛሬ አልደወለም። እሷም ቅሬው ውስጥ አለች፣ ተመስገን፣ ለቅሶ ሲኖር ዛሬም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት፣ ጋሽ ይመር ካያት ወደ ማዶ ይሻገራል። እኔም የራሴ ካርድ አለኝ፣ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ጀርባው ላይ የሁለቱ ልጆቼ ስም ተጽፏል፣ ታላቁ ሩቅ አገር ነው፣ ትናንትም ደውሎልኛል፣ አምላክ ይመስገን። አልፎ አልፎ መሳቢያውን እከፍትና ስማቸውን አነበዋለሁ።

በዓይኔ ነው የማነበው። በጣቴ ነክቼው አላውቅም።