ኢተፋ «ፕላቶኒክ» ያላት ፍቅር

«እኔ የምወድሽ... ፕላቶኒክ በሆነ ፍቅር ነው!»

ኢተፋ ይህን ያላት ሰበታ ላይ፣ ከቸርች ወጥተው ታክሲ ሲጠብቁ ነው። ጣቢታ ከሆሳዕና መጥታ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። እሱ መምህር ነው። ፋብሪካው የቆመበት መሬት የአባቱ የኦቦ መኮንን እርሻ ነበር፤ ሽማግሌው የፋብሪካውን ሠራተኛ ዓይን ማየት አይፈልጉም።

ቃሉ ስላልገባት አብራት የምትኖረውን ሸዋነሽን ጠየቀቻት።

«እንደ እህት ነው የማይሽ ማለቱ ነው። ተይው በቃ!»

ጣቢታ የኢተፋን ስልክ ማንሳት ተወች። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ በሚኒባስ ወደ አገሯ ተሳፈረች።

ታኅሣሥ 2008 ነበር። የገበሬውን መሬት ይወስዳል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ የተነሳው ተቃውሞ ተፍኪ አጠገብ መንገዱን በሚነድ ጎማ ዘግቶታል። ድንጋይ ወረደ። የሚኒባሱ መስታወት ረገፈ፤ ሾፌሩ ተፈንክቶ መሪው ላይ ተደፋ። ከወዲያ ከጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተንጣጣና አንድ ወጣት አንገቱን ይዞ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ደሙን ያዩት ጓደኞቹ አበዱ። ጣቢታ ወርዳ ስትሮጥ ዱላ የያዙ ከበቧት።

«የፋብሪካው ናት! መታወቂያዋን እዩት!»

«ዺሳ! ተዋት!»

ኢተፋ ነበር። መሄዷን ከሸዋነሽ ሰምቶ በሞተር ተከትሏታል። ለእሷ የተሰነዘረው ዱላ ቀኝ ክንዱ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው። ሁለተኛው ጭንቅላቱን አገኘው።

«ቲቸር ነው እኮ!» አለ አንዱ። ዱላውን ጣለ።

ጥይቱ ሲቀርብ ሁሉም ተበተነ። ጣቢታ ኢተፋን ጎትታ ቦይ ውስጥ ገባች፤ በነጠላዋ ራሱን አሰረችው።

«ለምን ሳትነግሪኝ?...» አለ።

«እንደ እህት ነው የማይሽ ተባልኩ! ፕላቶኒክ ብለኸኝ የለ?»

ደም በአፉ እየገባ ሳቀ።

«ጣቢ... ቃሉ ከፕላቶ ስም የመጣ ነው፤ የጥንት መጻሕፍታችን አፍላጦን ከሚሉት የግሪክ ፈላስፋ። ፍቅር ከመልክ ይጀምርና ወደ ነፍስ ውበት ይወጣል ነው ያለው። ገላ የማይነካካበት ፍቅር የሚለው ትርጉም በኋላ የመጣ ነው። እኔም መልክሽን አይቼ ቀረብኩሽ፤ ልብሽን ሳውቅ መራቅ አቃተኝ።»

«ታዲያ በአማርኛ አትለኝም ነበር?»

«ፈራኋ!»

ጥይቱ እንደገና ጮኸ። ጣቢታ ላዩ ላይ ተኝታ ሸፈነችው። ተኩሱ ሲበርድ ተሸክማ ከቦዩ አወጣችው።

ኦቦ መኮንን ሆስፒታል ሲደርሱ ልጃቸውን ሾርባ ስታጎርሰው አገኟት። ልብሷ ላይ ደሙ ደርቋል።

«ተሸክመሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ?»

«እሱ ነው እኔን ያተረፈኝ፣ አባባ። እርስዎ ከጠሉኝ እሄዳለሁ።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«የትም አትሄጂም፣ ልጄ።»

ግንቦት ላይ ሆሳዕና ድረስ ሽማግሌ የላኩት ራሳቸው ናቸው። በሠርጉ ቀን ኢተፋ ቀለበቱን ሊያጠልቅላት ሲል ያ የተሰበረው ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ በግራው ቢሞክርም አልሆነለትም። ጣቢታ ጣቷን ራሷ ወደ ቀለበቱ አስገባችና ሳቀች።