እግሮቹ ይባረኩ

«ስሙን ነው የጠራሁት እኮ» አለ ጉሌድ፣ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ እንደቆመ።

«ስሙ ዐብዲወሊ ነው» አሉት መምህርት እናትአለም። «በልጆቹ ሁሉ ፊት በአካል ጉዳቱ ትጠራዋለህ፤ እሱ ከፍቶት ቤቱ ሄዷል፤ አንተ ደግሞ ስሙ ነው ትለኛለህ?»

መምህርት እናትአለም ከደብረ ብርሃን ተመድበው ጅግጅጋ ከመጡ ገና ሁለተኛ ወራቸው ነው። ጥሩ አስተማሪ ናቸው፤ ልጅ ሲበደል ዝም ብለው አያዩም። ጉሌድ በእረፍት ሰዓት ከሜዳው ማዶ «ጂስ! ና እንጂ!» ብሎ ሲጣራ ሰሙት። ጂስ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። እግሩን የሚጎትት ሰው ማለት ነው ተባሉ፤ በቃ፣ ሌላ ነገር መስማት አልፈለጉም። ጉሌድ ነገ ሰልፍ ላይ በመላው ተማሪ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሐሙስ ለክፍሉ ኳስ አይጫወትም።

ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ቃላት ተጽፈዋል፦ ቀልድ፣ ተረብ፣ ፌዝ፣ ሽሙጥ።

«እስቲ ጉሌድ ያደረገው ከእነዚህ የትኛው ነው?» አሉ መምህርቷ ወደ ክፍሉ ዞረው። «ፋይሶ፣ አንቺ የክፍሉ አለቃ ነሽ።»

ፋይሶ ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። «ፌዝ ነው ቲቸር። ሁልጊዜ ያፌዝበታል። ዛሬም ያስለቀሰው እሱ ነው።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ናስትሆ ቀና ብላ አየቻት። ፋይሶ ስትቀመጥ በጠረጴዛው ስር እግሯን ነካ አደረገቻት። ዝም በይ ማለቷ ነው።

ናስትሆ እውነቱን ታውቃለች። ክፍሉም ያውቃል። ዐብዲወሊ የክፍሉ በረኛ ነው፤ ትናንት አራት ጎል ገባበት። ዛሬ በእረፍት ሰዓት የሚኒ ሚዲያውን ዜና የምታነበው ፋይሶ፣ በዚያ በሚያምር ድምጿ፣ «በእግሮቹ ፍጥነት አገር የሚያውቀው ድንቅ በረኛችን ዐብዲወሊ፣ ትናንት አራት ጎሎችን በክብር አስተናግዷል። እግሮቹ ይባረኩ!» አለች። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ዐብዲወሊ ቦርሳውን አንስቶ እያለቀሰ ወደ በሩ ሄደ። ጉሌድ «ጂስ! ና እንጂ!» ብሎ የተጣራው ሊመልሰው ነበር።

ጉሌድ ይህን መናገር ይችል ነበር። ግን ሴት ልጅ ላይ አልናገርም ብሎ መሬት መሬት ያያል። ሌሎቹ ደግሞ ፋይሶን ይፈሯታል፤ ያስቀየማት ሁሉ በማግስቱ ዜና ይሆናል። ናስትሆ ግን አትፈራትም፤ ትወዳታለች። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ናቸው፤ ጠዋት በአንድ ባጃጅ ይመጣሉ። አሁን ከተናገረች ነገ ብቻዋን መምጣቷ ነው። ግን ጉሌድ ነገ ባላጠፋው ጥፋት ሰልፍ ፊት ሲቆም ታያት።

እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ፌዝ አይደለም።»

«እና ምንድን ነው?»

አማርኛዋ ሲጨንቃት ይተሳሰራል፤ ቤት ውስጥ የሚወራው ሶማሊኛ ነው። ቀስ ብላ ጀመረች። «እኛ ጋ ናናይስ የሚባል አለ። ቅጽል ስም ነው። ረጅሙን ረጅም፣ አጭሩን አጭር እንላለን። ማንም አይቀየምም። ጂስን እናቱም ጂስ ነው የሚሉት። ጉሌድም ዴግወይኔ ነው፤ ትልቅ ጆሮ ማለት ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ጉሌድ እንኳን ጆሮውን ነካ አድርጎ ፈገግ አለ።

«ርእሰ መምህሩንም ሰፈር ውስጥ ዴሬ፣ ረጅሙ፣ ካላሉ ቤታቸውን የሚያሳይዎት አያገኙም» አለ አንድ ልጅ ከኋላ።

መምህርት እናትአለም ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «እኔስ?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ጉሌድ አንገቱን ደፍቶ፣ «ገና አልወጣልዎትም ቲቸር። እየታሰበበት ነው» አለ። አሁን መምህርቷም አብረው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር ብለው ወደ ናስትሆ ተመለሱ።

«ታዲያ ልጁ ለምን አለቀሰ?»

ፋይሶ በጠረጴዛው ስር እጇን ጨበጠቻት። የፋይሶ እጅ ቀዝቅዟል። ናስትሆ እጇን አላስለቀቀችም።

«በዜናው ነው» አለች። «'እግሮቹ ይባረኩ' በተባለው።»

«እሱ እኮ ምርቃት ነው። ሰምቼዋለሁ። ፋይሶ ሞራል የሰጠችው መስሎኝ ነበር።»

«ለዚህ ነው የሚያመው ቲቸር። ጉሌድ ጂስ ሲለው፣ ጂስ ደግሞ 'አንተ ዴግወይኔ፣ በጆሮህ በርረህ ና' ይለዋል። ተተራረቡ፣ አለቀ። ምርቃት ሲሆንብህ ግን ምን ብለህ ትመልሳለህ? ብትናደድ፣ 'ምን አልኩት? አመሰገንኩት እንጂ' ትባላለህ። ስትስቅም ስታለቅስም ሞኙ አንተ ነህ።» ወደ ሰሌዳው አየች። «የመጨረሻው ቃል ነው። ሽሙጥ።»

ከኋላ ረድፍ «እውነቷን ነው» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ግማሹ ክፍል። ጂስ ዜናውን ሰምቶ ቦርሳውን ሲያነሳ ያየ ሁሉ እጁን አወጣ። የናስትሆን ደረት ደስታ ሞላው። በሁለተኛ ቋንቋዋ፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ ማለት የፈለገችውን በትክክል ብላዋለች።

ፋይሶ እጇን ለቀቀቻት።

በማግስቱ ጠዋት ዐብዲወሊ መጣ። መምህርቷ ለብቻው ጠርተው ጠየቁት፤ ናስትሆ ያለችውን አለ። ሰልፍ ላይ ጉሌድ ይቅርታ አልጠየቀም፤ መምህርት እናትአለም ራሳቸው ይቅርታ ጠየቁት። «አኗኗራችሁን ሳላውቅ ፈረድኩ» አሉ በማይክራፎን፣ ድምፃቸው ሳይሰበር። ተማሪው አጨበጨበ፤ ጉሌድ የሚገባበት ጠፋው። ሐሙስ ይጫወታል። ፋይሶ ደግሞ የዜናዋን እርማት ራሷ ታነባለች ተባለ።

በእረፍት ሰዓት ናስትሆ ፋይሶን የሚኒ ሚዲያው ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ጭኗ ላይ ባዶ ወረቀት አለ፤ ንፋሱ ጫፉን ያርገበግበዋል። ናስትሆ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መጣሽ የእውነት ንግሥት» አለች ፋይሶ ሳታያት። «በይ ጻፊልኝ። አንቺ ቃል ታውቂያለሽ።»

«አልጽፍልሽም። ሽሙጡንም ተይው። ከተናደድሽብኝ ፊት ለፊት ስደቢኝ፣ እመልስልሻለሁ።»

ፋይሶ ዞር አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ከዳተኛ።»

«ውሸታም።»

«ጓደኛሽ አልነበርኩም?»

«ነሽ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ፋይሶ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገችና ወረቀቱን ጭኗ ላይ አቃናች። «በምን ልጥራው? ጂስ ልበለው፣ ዐብዲወሊ?»

«እሱን ጠይቂው።»

«አሁን? ልጆቹ ሁሉ ባሉበት?»

ናስትሆ በአገጯ ወደ ሜዳው አመለከተቻት። ፋይሶ ተነሳች፤ ቀሚሷን አራግፋ ሜዳውን መሃል ለመሃል ማቋረጥ ጀመረች። ጎል አጠገብ የነበሩት ልጆች ኳሷን አቁመው ጠበቋት። ዐብዲወሊን የሆነ ነገር አለችው። እሱ ጓንት ያጠለቁ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ አዳመጣት፤ ከዚያ አንድ ነገር መለሰላት፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ፋይሶም ወገቧን ይዛ የሆነ ነገር መለሰች፤ አሁን ከሁሉም አስበልጦ የሳቀው ዐብዲወሊ ነበር።

ናስትሆ ምን እንደተባባሉ ለመስማት ነፍሷን ትሰጥ ነበር። ግን ተረቡ የእነሱ ነው፤ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።